ለአምስት ቀን ጨቅላ ስንት ሚሊ ሊትር ይበቃል?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። የመጀመሪያ ልጃችን ከተወለደች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ስትወለድ 3,200 ግራም ትመዝን ነበር። የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ከሆስፒታል የወጣነው በተወለደች በማግስቱ ሲሆን፣ ስለ ክትባቷና ስለ እትብቷ አያያዝ በሚገባ ቢነገረንም ምን ያህል መመገብ እንዳለባት የነገረን ሰው አልነበረም፤ እኛም መጠየቅ እንደነበረብን አላወቅንም።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ልጅቷ ከጡት በተነሣች ቁጥር ስታለቅስ አማቴ ወተቱ አልበቃትም አሉ። እኔም ቀን ከፋርማሲ ገዝቼ ያስቀመጥኩትን የዱቄት ወተት ከፈትሁ። በቆርቆሮው ጀርባ ያለው ሠንጠረዥ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአንድ ጊዜ 90 ሚሊ ሊትር ስለሚል፣ ያንኑ ያህል በጡጦ አዘጋጅቼ ሰጠኋት። ጨረሰችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን አብዛኛውን አቀረሸችው፤ በአንገቷ ሥር ያጠፍነው ጨርቅም የእኔ እጅጌም ራሰ። ከዚያ በኋላ አምስት ሰዓት ሙሉ ሳትነቃ ተኛች፤ በዚያ አምስት ሰዓት ውስጥ የባለቤቴ ጡት እንደ ድንጋይ ጠጠረ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ለዚህች ልጅ በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊ ሊትር ይበቃታል? በየስንት ሰዓቱስ? ጡጦው ላይ መስመር አለ፣ ጡት ላይ ግን የለም፤ ታዲያ የጠባችው በቂ መሆኑን በምን ልወቅ?

ከዚህ በታች ያለው ለዚህ ጥያቄ በዘጠኝ ቀናት ውስጥ የመጡት መልሶች ናቸው። የውይይቱ ክር እየረዘመ ስለሄደ፣ በመልስ 18 አንዲት እናት ሌሊት ልጅ ታቅፎ ለሚያነብ ሰው በአንድ ቦታ ቢሰበሰቡለት መልካም መሆኑን አሳሰበች፤ እኔም በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ።

መልስ 1። መጀመሪያ የመለሰችልኝ በልደታ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ለባለቤቴ የማርያምን ምሕረት ካመሰገነች በኋላ፣ እርሷም በመጀመሪያ ልጇ ጊዜ በዚሁ ጭንቀት ስትብሰለሰል እንደነበረ፣ በኋላ ግን በሚገባው ፈንታ የሚወጣውን መቁጠር እንደተማረች ገለጸች። ከንጋት እስከ ንጋት ስንት ዳይፐር እንደሚርስ ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጠቅልለን ከመጣል በቀር ቆጥረን አናውቅም ነበር።

መልስ 2። ሁለተኛውን መልስ የጻፉት በአራዳ ተወልደው፣ በአራዳ ወልደው ያሳደጉ እናት ናቸው። ወተት እስኪወርድ ድረስ ልጅ ባዶ ሆዱን መቆየት እንደሌለበት፣ አንጀቱም እንዲለሰልስ በጣት ጫፍ ለጋ ቅቤ ማስላስና ጥቂት ስኳር ውኃ ማቅመስ የቆየ ልማድ መሆኑን፣ አራቱም ልጆቻቸው በዚያ አድገው ለወግ ለማዕረግ መብቃታቸውን አስረዱ። ጽሑፋቸው በምርቃት የተሞላ ነበር፤ ባለቤቴ ሳነብላት አሜን አለች።

መልስ 3። ሦስተኛዋ መልስ ሰጪ በመሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የማዋለጃ ክፍል ለረጅም ዓመታት የሠሩ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ሁላችንም ሲስተር ስንላቸው ቆይተናል። የእናታችንን ምርቃት በአክብሮት ከተቀበሉ በኋላ፣ ቅቤውም ሆነ ስኳር ውኃው ለጨቅላ እንደማይሰጥ በግልጽ ተናገሩ። ትንሿን ሆድ ስለሚይዙባት ልጅ ለመጥባት ያለው ጉጉት ይቀንሳል፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት ማምረቱን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ንጹሕ ካልሆኑ ለተቅማጥና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣሉ።

ከዚያ ወደ መጠኑ መጡ። ጤናማና ጊዜው ደርሶ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በአንድ ጊዜ የሚጠባው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር እንገር ብቻ ነው፤ ይህም ቢበዛ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ከ5 እስከ 15፣ በሦስተኛው ከ15 እስከ 30፣ በአራተኛው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እንገሩ ማነሱ ጉድለት አይደለም፤ ወፍራምና ቢጫ ሲሆን በሽታን የሚከላከል ነገር በዝቶበታል፣ ጥቁሩም የመጀመሪያ ሰገራ ቶሎ እንዲወጣ ይረዳል። ጨቅላ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስለሚጠባ፣ በየጊዜው የሚያገኘው ቢያንስም ድምሩ ይበቃዋል።

በመልስ 1 የተነሣውን የዳይፐር ቆጠራም አብራሩት። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት እያለ ይጨምርና፣ ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ የራሰ ዳይፐር ይጠበቃል፤ ሰገራውም ከጥቁር ወደ አረንጓዴ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ደግሞ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በሦስተኛው ሌሊት የሰጠኋት 90 ሚሊ ሊትር በዚያ ዕድሜ ከሚበቃት ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆኑን የነገሩኝ በመጨረሻ ነው፤ ሳይወቅሱ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ያን ሳነብ ሆዴ ባባ።

መልስ 4። የሦስት ሳምንት ልጅ ያለው የካዛንቺስ አባት እርሱም የቆርቆሮውን ሠንጠረዥ እንደ ሕግ ይዞ እንደነበረ ጽፎ፣ ታዲያ ሠንጠረዡ ስሕተት ነው ወይስ እኛ ነን ያላነበብነው ሲል ጠየቀ።

መልስ 5። ከዚህ በኋላ ቃሉ ከረረ። አንዲት እናት ጡት ያላት ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮ ገዝቶ የሚመጣ አባት ሊያፍር እንደሚገባው ጻፈች። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ጠቅሳ፣ በአገራችን ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ መሆናቸውን፣ ቀሪዎቹ ውኃም ሌላ ወተትም የሚሰጣቸው እንደ እኔ ባሉ ችኩሎች ምክንያት መሆኑን ተናገረች። ቁጥሩን በትክክል ነው የጠቀሰችው፤ ምክንያቱን በእኛ በአባቶች ላይ ብቻ መጫኗን ግን ዛሬም አልቀበልም።

መልስ 6። መልስ 5 አንዲትን ሌላ እናት አቆሰለ። የወለደችው በቀዶ ሕክምና ሲሆን ወተቷ የወረደው በአምስተኛው ቀን ነበር። ልጇ ጸጥተኛ ነበር፤ አያለቅስም፣ ይተኛል፣ ጡት ሲሰጡት ሁለት ጊዜ ስቦ ዓይኑን ይከድናል። ቤተሰቡ ሁሉ ጨዋነቱን ያደንቅ ነበር። በአራተኛው ቀን ዳይፐሩን ስትፈታ፣ ጨርቁ ላይ የተፈጨ ጡብ የመሰለ ብርቱካንማ ዱቄት አየች፤ ሽንት የለም፣ እርሱ ብቻ። ዓይኑን ከፍታ ስታይ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ሆስፒታል ሲደርሱ ከልደት ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ቀንሶ ስለነበረ፣ ተኝቶ በብርሃን እየታከመ ተጨማሪ ወተት በመጠን ተሰጠው፣ እርሷም በየሦስት ሰዓቱ ጡቷን እንድታልብ ተደረገ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጡት ብቻ ተመለሰ። ያን ቆርቆሮ እንደ ኀጢአት የሚቆጥር ሰው ያን ዳይፐር እንዳላየ ጽፋ ጨረሰች።

ከመልሶቹ ሁሉ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ እንዳነብላት የጠየቀችኝ ይህንን ነው።

መልስ 7። የመልስ 5 ጸሐፊ ተመልሳ መጣች። ለልጁ በመዳኑ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ቁጣዋም በተቸገረች እናት ላይ ሳይሆን ባልተቸገረች እናት ልብ ውስጥ ጥርጣሬ በሚዘሩ ነጋዴዎች ላይ መሆኑን አስረዳች። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1981) ያጸደቀው ደንብ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ለሕዝብ ማስተዋወቅንና ለእናቶች ነጻ ናሙና ማደልን እንደሚከለክል አስታወሰች። ስለ እኔ የጻፈችውን ግን አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

መልስ 8። ሲስተር በመካከል ገብተው፣ በመልስ 4 ለቀረበው ጥያቄና ለእኔ ዋና ጥያቄ አንድ ላይ መለሱ። በሕክምና ምክንያት ወይም በእናት ውሳኔ የዱቄት ወተት የሚወስድ ጨቅላ መጠኑ የሚሰላው በክብደቱ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆንና በየቀኑ እየጨመረ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ 150 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። እንግዲህ ሦስት ኪሎ የሚመዝን የሳምንት ልጅ በ24 ሰዓት 450 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፤ ለስምንት ሲካፈል በአንድ ጊዜ 56 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ሠንጠረዡ የሳምንታትን ዕድሜ በአንድ ረድፍ ጠቅልሎ ስለሚያስቀምጥ የሦስት ቀኑንና የአሥራ ሦስት ቀኑን ልጅ አይለይም።

ከስሌቱ ይልቅ አጥብቀው ያሳሰቡት ግን ሌላ ነገር ነው። ከጡጦ ወተቱ ሳይሳብም ስለሚፈስ ልጅ ጠግቦም ይውጣል፤ መዋጡ መራቡን አያሳይም። ስለዚህ ልጅን ቀና አድርጎ ይዞ፣ ጡጦውን ወደ አግድም አጋድሞ፣ በየመካከሉ እያቋረጡ መስጠት ይገባል። የተራበ ልጅ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ አፉን ይከፍታል፣ እጁን ጨብጦ ወደ አፉ ያመጣል፤ ለቅሶ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጠገበ ልጅ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይገጥማል፣ የተጨበጠው መዳፉም ይፈታል። የተረፈችውን ለማስጨረስ ጡጦውን መነቅነቅ አያስፈልግም። እኔ በዚያ ሌሊት፣ ልጄ ፊቷን ሁለት ጊዜ ስታዞር ጡጦውን ተከትዬ ያዞርሁ ሰው ነኝ።

መልስ 9። በፒያሳ በኩል ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ስለ አዘገጃጀቱ ጻፈ፤ ዱቄት የምትጠቀሙ ወላጆች ሁላችሁ ልታነቡት ይገባል። የዱቄት ወተት በቆርቆሮ ቢታሸግም ከጀርም ነጻ አይደለም፤ ስለዚህ የሚበጠበጥበት ውኃ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መሆን የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ውኃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከፈላ በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ሊቆይ እንደሚችል የሚናገረው የተለመደ መመሪያ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የሚመች ነው፤ እኛ ከዝቅተኛ ሙቀት ስለምንጀምር ቶሎ ብለን መበጥበጥ አለብን። የታሸገ ውኃም ቢሆን መፍላት አለበት። ከተበጠበጠ በኋላ ጡጦውን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁሞ ማብረድና በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን መሞከር ይገባል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋል።

ስለ ማንኪያውም አስጠነቀቀ። በብዙ ቆርቆሮዎች አንድ ልሙጥ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውኃ ቢሆንም ሁሉም አንድ ስላልሆኑ፣ ከአንዱ ቆርቆሮ የወጣ ማንኪያ ለሌላው አይሆንም። ዱቄቱ እንዲበረክት ብለው የሚያቀጥኑ ቤተሰቦች እንዳሉ፣ የቀጠነ ወተት ልጅን ከማቀጨጩም በላይ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አውርዶ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ እንደሚችል፣ የወፈረው ደግሞ ኩላሊቱን እንደሚያስጨንቅ ገለጸ።

መልስ 10 እና 11። እነዚህ ሁለቱ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ መናርና መብራት ሲጠፋ ውኃ በምን እንደሚፈላ የተጻፉ ናቸው። ቅሬታቸው እውነት ቢሆንም ከጥያቄው ራቅ ስላሉ አልፌያቸዋለሁ።

መልስ 12። አንዲት እናት በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳርቻ ከሄዱት ቤተሰቦች አንዷ ናት። በድሮው ግቢ አራስ ሲኖር ጎረቤት ተራ ገብቶ ገንፎውን ሲያገነፋ፣ አጥሚቱን ሲያመጣ፣ አንዷ ልጁን ታቅፋ እናትየዋ ታርፍ እንደነበረ አስታወሰች፤ ሁለተኛውን ልጇን የወለደችው ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ነው። ከዚያም ወደ ጉዳዩ ተመለሰች። የአራስ ጠያቂ ሁሉ ልጁን አይቶ መክሳቱን ወይም ማነሱን ሳይናገር እንደማይወጣ፣ ከእነዚያ እንግዶች በኋላ በነበሩት ሌሊቶች ሁሉ ወተቷን መጠራጠር እንደ ጀመረች ጻፈች። ይህ ከጉዳዩ የወጣ የሚመስለው አለ፤ እኔ ግን በመካከሉ የገባ ይመስለኛል። በእኛም ቤት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ እንግዳ ገብቶ ነበር፤ ልጅቷ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ያለፏትን መጥቢያ ጊዜዎች ማንም አልቆጠረም።

መልስ 13። ይህ የእኔ ነው። ከመልስ 3 በኋላ ደብተር ይዤ መቁጠር ጀመርሁ። በ24 ሰዓት ውስጥ የራሰው ሦስት ዳይፐር፣ ሰገራ አንድ ጊዜ፣ እርሱም ገና ጥቁር አረንጓዴ። ጡት የያዘችው ሰባት ጊዜ ሲሆን፣ ከሰባቱ አራቱ ከአምስት ደቂቃ አልበለጡም። ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁ።

መልስ 14። ሲስተር በግማሽ ሰዓት ውስጥ መለሱ፤ ቃላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንከር ያለ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሦስት የራሰ ዳይፐርና ያልጠራ ሰገራ የሚጠበቀውን እንደማያሟላ፣ በመድረክ ላይ ምክር መጠበቅ እንደማይገባኝና ልጅቷን ይዘን በጠዋት ለክብደት እንድንሄድ አዘዙ። ለመጥባት የማትነቃ፣ የምትዝል፣ እርግብግቢቷ የጎደጎደ፣ አፏ የደረቀ፣ ወይም ትኩሳት ያላት ከሆነች ግን ጠዋት ሳይሉ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንዳለብን አከሉ። እርግብግቢቷን በጣቴ ዳሰስሁ፤ ደልዳላ ነበር። እስኪነጋ ግን ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ዳስሻለሁ።

መልስ 15። በዚያው ሌሊት አንዲት የሦስት ልጆች እናት እኔን ገሠጸችኝ። ከላይ እስከ ታች ሚሊ ሊትር፣ ግራም፣ ዳይፐር ተብሎ ሲጻፍ፣ ጡቷ የሚጠባው ሴት እንዴት እንደሆነች የጠየቀ ሰው እስካሁን አለመኖሩን፣ አባትየው ደብተሩን አስቀምጦ ሚስቱን ያማት እንደሆነ እንዲጠይቅ ጻፈች። አነጋገሯ ኮምጣጣ ነበር። ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። አንብባ ዝም አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። የሁለቱም ጡቶቿ ጫፍ ተሰንጥቆ፣ በግራው ላይ ደም ደርቆ ነበር። ልጅቷ ስትጎርስ ሕመሙ እስከ ትከሻዋ ስለሚሰማት፣ ጥርሷን ነክሳ ትንሽ ካጠባቻት በኋላ በጣቷ ታላቅቃት ነበር። አራቱ አጫጭር ጊዜያት እነዚያ ናቸው። እናቷ ወተትሽ አይበቃም እያሉ ሳለ ያማል ማለት ሰበብ መፈለግ መስሎ ስለታያት ለማንም አልተናገረችም።

መልስ 16። ከጤና ጣቢያ ስንመለስ የጻፍሁት ነው። በስድስተኛው ቀን 2,930 ግራም መዘነች። ከልደት ክብደቷ የቀነሰው 270 ግራም፣ ማለትም 8.4 በመቶ ነው። ያየችን ነርስ እንዳስረዳችን፣ ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 7 በመቶ ቢቀንስ የተለመደ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ አጠባቡ በዓይን መታየት አለበት፣ 10 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ሐኪም ይመረምረዋል። በአሥርና በአሥራ አራት ቀን መካከል ብዙዎቹ ወደ ልደት ክብደታቸው ይመለሳሉ።

ከዚያ ባለቤቴን አስቀምጣ ስታጠባ አየቻት። ልጅቷ የጎረሰችው ጫፉን ብቻ ነበር። ነርሷ ልጅቷን ሆዷን ከእናቷ ሆድ ጋር አገጣጥማ፣ ጆሮዋ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ በአንድ መስመር እንዲሆኑ አዞረቻት። አፍንጫዋን ከጡቱ ጫፍ ትይዩ አድርጋ፣ አፏን እንደ ማዛጋት እስክትከፍት ጠበቀች፤ ሲከፈት ልጅቷን ወደ ጡቱ አመጣቻት እንጂ ጡቱን ወደ ልጅቷ አልገፋችም። አገጯ ጡቱን ነካ፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ ጉንጯ ሞላ፤ ጠቆር ያለው ክብ ከላይ ጥቂት ሲታይ ከታች አልታይ አለ። ባለቤቴ ትከሻዋን ጣለች። ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከሳበች በኋላ አሳሳቧ ረዘመ፣ ከዚያም በየመካከሉ ለስለስ ያለ የመዋጥ ድምፅ ተሰማ። በስድስት ቀን ውስጥ ያን ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ጸጥ ብለን አዳመጥን።

የተሰጠን ትእዛዝ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ብትተኛም እየቀሰቀሱ፣ በቀን ከስምንት ጊዜ ሳያንስ ማጥባት፤ ከእያንዳንዱ መጥባት በኋላ ጡቱን አልቦ የወጣውን በስኒ መስጠት፤ በሦስት ቀን ውስጥ ተመልሶ መመዘን የሚል ነው። ዱቄቱ ሳይጣል ይቆይ፣ የታለበው ካልበቃና ክብደቷ ካልጨመረ ብቻ በስሌት ይሰጣል ተባልን። ለቆሰለው ጫፍ ባለቤቴ በመጨረሻ የወጣውን ወተት ቀብታ በነፋስ እንድታደርቀው ተነገራት።

መልስ 17። ስለ ስኒው ከሲስተርና ከመልስ 6 እናት ጠቃሚ ዝርዝር መጣ። ልጅ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ስኒው የታችኛውን ከንፈር እንዲነካ ይደረጋል፣ ወተቱ እስከ ስኒው ጠርዝ እንዲደርስ ብቻ ይዘነበላል፤ ልጅ ራሱ በምላሱ ይልሳል፣ አፉ ውስጥ ግን አይጨመርበትም። እኛ የተጠቀምነው በየጊዜው በምናፈላው በአንዲት የቡና ስኒ ነው፤ የታለበውን አስቀድሜ በስሪንጅ ስለካው መጀመሪያ 12፣ በሁለተኛው ቀን 25፣ በሦስተኛው 40 ሚሊ ሊትር ሆነ።

መልስ 18። በስታዲየም አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ እናት መልሶቹ እንዲሰበሰቡ ከጠየቀች በኋላ ስለ ፈቃድ አነሣች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላዷ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ሦስት ቀን ብቻ መስጠቱን፣ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚለው ምክር ከሦስት ወር ፈቃድ ጋር የሚገጥመው በታለበ ወተት ብቻ መሆኑን ጻፈች። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን እንደሚቆይም ጨመረች። የሦስት ቀኑ ፈቃድ በእኔ ላይ ደርሷል፤ ያለቀው በዚያች በ90 ሚሊ ሊትሯ ሌሊት ነው።

መልስ 19። የአራዳዋ እናታችን ተመልሰው መጡ። ክሩን ሁሉ የልጅ ልጃቸው እንዳነበበላቸው፣ በቅቤው ነገር የሲስተርን ቃል እንደሚቀበሉ፣ ነገር ግን ፀሐይ ሲበረታ ጥቂት ውኃ እንኳ እንዴት ይከለከላል ብለው እንዳዘኑ ጻፉ። ሲስተር ወዲያው መለሱላቸው፤ ከጡት ወተት ውስጥ 87 በመቶ ያህሉ ውኃ በመሆኑ፣ እስከ ስድስት ወር ድረስ በሙቀትም ቢሆን ሌላ ውኃ አያስፈልግም፤ ልጅ ሲጠማው ቶሎ ቶሎ ይጠባል። እናታችን እንግዲያው ውኃውን እናትየዋ ትጠጣው ብለው መርቀው ተሰናበቱ።

መልስ 20። የካዛንቺሱ አባት በመልስ 8 የተጻፈውን ሞክሮ፣ ልጁን በመካከል እያቋረጠ ማስገሳት ከጀመረ ወዲህ ማቀርሸቱ መቀነሱን ነገረን። በአፍ ዳር የሚንጠባጠብ ጥቂት ወተት የሚያሳስብ እንዳልሆነ፣ በኃይል ወደ ፊት የሚወረወር ትውከትና አረንጓዴ ትውከት ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጥ መሆኑን ሲስተር አስከተሉለት።

መልስ 21። ይህም የእኔ ነው። በዘጠነኛው ቀን 3,030 ግራም፣ ዛሬ በአሥራ አራተኛው ቀን 3,210 ግራም። የራሰ ዳይፐር ትናንት ስምንት፣ ሰገራው ቢጫ፣ አምስት ጊዜ። ከስድስተኛው ቀን ወዲህ ቆርቆሮው አልተከፈተም፤ ስኒውንም ካስቀመጥነው ሦስት ቀን ሆነን። ለመልስ 15 ጸሐፊ ምስጋናዬን በተለይ አቀረብሁ።

መልስ 22። ይህንን የጻፈችው ባለቤቴ ራሷ ናት፤ ልጅቷን በቀኝ ክንዷ ይዛ በግራ እጇ አውራ ጣት። ቁስሉ እንደ ደረቀ፣ ሲጎረስ ለጥቂት ሰከንድ ካልሆነ እንደማያማት ገልጻ፣ ልጅቷ ከቀኙ ጡት እየጠባች ከግራው ፊቷን የምታዞረው ለምን እንደሆነ፣ ያለፉበት እናቶች ምን እንዳደረጉ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ የመጡት መልሶች ለእርሷ የተጻፉ ስለሆኑ እዚህ አላሰፈርኳቸውም።